ያንሊ በወረቀቱ ላይ የጻፈችው

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ጥፋተኛዋ እኔው መሆኔን ከወዲሁ አምኜ ነው። መጨረሻው ላይ ደርሳችሁ ከምትታዘቡኝ አሁኑኑ ታዘቡኝና አብረን እንቀጥል።

ሰናይት እባላለሁ። ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ሲያትል ዝናቧን ጨርሳ ልትለቀን በምታቅማማበት ወር ነው። ያኔ አሜሪካ ከገባሁ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴ ከደረጀና ከልጃችን ከቤዛ ጋር እንኖራለን። ደረጀ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ቤዛ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ በእንግሊዝኛ ስጠይቃት ደግሞ «ማም፣ ፕሊስ!» ብላ አነጋገሬን ታርመኛለች።

ልጄ ትረመኝ እንጂ፣ አሰላ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በፈተና ቀን ደግሞ ዝናዬ ሌላ ነበር። ተማሪዎቼ «ራዳር» ይሉኝ ነበር፤ እኔ የማላውቅ መስሏቸው። ላጲስ ላይ የተጻፈ፣ በቀሚስ ጠርዝ የተሰፋ፣ በማስቲካ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ያልያዝኩት የለም። አንዱማ እጁ ተሰብሮ በፋሻ ታስሮ መጣ። ፋሻውን አስፈታሁት። እጁ ምንም አልሆነም፣ ከፋሻው ውስጥ ግን የሰዋስው ምዕራፍ በሙሉ ወጣ። ይህን ሳወራ አሁንም ትንሽ ኩራት ቢጤ ይሰማኛል፤ ይቅር በሉኝ።

ሶ፣ እዚህ ስመጣ ያገኘሁትም ሥራ ይኸው ሆነ። በአንድ ኮሌጅ የፈተና ክፍል ውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኜ በፓርት ታይም ተቀጠርኩ። ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎች መደበኛውን ትምህርት ለመጀመር የእንግሊዝኛ የንባብ ፈተና ማለፍ አለባቸው። ምንባብ ያነባሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አርባ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ ማለፊያው ሃያ ስምንት። ከሚፈተኑት አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። ከሰዓቱ ቀድመው ይመጣሉ፣ ስልካቸውንና ቦርሳቸውን ሎከር ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ እርሳሳቸውን እንደ መርፌ ቀርጸው በጸጥታ ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቢጫ ወረቀት እሰጣለሁ፤ የፈለጉትን ይሞነጫጭሩበታል። ሲወጡ ሁለቱንም መልሼ እቀበላለሁ፣ የወረቀት መቁረጫው ማሽንም ይከታትፋቸዋል። ከዚያ ክፍል የሚወጣ ወረቀት የለም።

ያንሊን የማውቃት በመልክ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቷን የሚሸፍን ትልቅ መነጽር፣ ዝናብ ኖረም አልኖረ የማታወልቀው አረንጓዴ ጃኬት። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቱንም ወድቃለች። የኮሌጁ ደንብ ሦስት ዕድል ብቻ ነው የሚሰጠው። ሦስተኛው በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

አሥራ አንድ ተፈታኞች ነበሩ። «ጀምሩ» አልኩ፣ ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከገጽ መገልበጥ በቀር ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ያንሊ ቆመች። ማለቴ እጇ ቆመ። ሌሎቹ ገጽ ይገልጣሉ፣ እሷ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ። ስምንት ደቂቃ። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ድንገት ቢጫውን ወረቀት ሳብ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ያውም እንዴት ያለ አጻጻፍ! አንዴም ሳታቆም፣ ቀና ሳትል፣ በቻይንኛ። በአጠገቧ እያዘገምኩ ሳልፍ ወረቀቱ ግማሽ ደርሷል። ተመልሼ ሳልፍ ሞልቷል። በመሀል በጃኬቷ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

«ጊዜው አልቋል። እርሳስ አስቀምጡ።»

በቻይንኛ መሞነጫጨር ክልክል አይደለም። ተራ በተራ እየመጡ ወረቀታቸውን ሰጡኝ። ያንሊም መጣች። የፈተና ወረቀቷን ሰጠችኝ፣ አንድ ቢጫ ወረቀት ሰጠችኝ። ባዶውን።

«ሁለተኛውስ?» አልኳት።

«ሁለተኛ?» አለች። አንገቷ ሲቀላ አየሁት።

«ሁለት ነበር የሰጠሁሽ።»

«ምናልባት… ወድቆ…»

ከግራ እጅጌዋ ጫፍ ቢጫ ነገር ብቅ ብሎ ነበር። በዓይኔ አሳየኋት። አወጣችው። ስምንት ቦታ ታጥፏል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። ዘጠኝ ዓመት አሰላ፣ አምስት ዓመት ሲያትል፣ ራዳሩ አልዛገም!

«ቲቸር» አለችኝ። «ፈተናውን አይደለም። ይሄ…»

«አሁን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ይጠሩሻል፣ ያኔ ትናገሪያለሽ» አልኩና ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት።

ቢሮ ገብቼ የሪፖርት ፎርም ሞላሁ። «ምን ተመለከቱ?» በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተፈታኟ የፈተናውን ጥያቄዎች ወደ ቻይንኛ ገልብጣ ከክፍሉ ለማውጣት ስትሞክር ተይዛለች።» አለቃዬ ዶና አነበበችው። ዶና ጥሩ ሴት ናት፤ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን በደንብ የተሞላ ፎርም ነው።

«ሰናይት፣ ግሩም ሥራ» አለችኝ። «ፈተና መስረቅ ከባድ ጥፋት ነው። ልጅቷ የምትሰናበት ይመስለኛል። ከትምህርት ከወጣች ደግሞ ቪዛዋም አብሮ ይሰረዛል። ሐሙስ ጠዋት ዲኗ ዘንድ ስብሰባ አለ፣ ትገኛለሽ። በነገራችን ላይ፣ ያ የፉል ታይም ጉዳይሽ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ይሄ ነገር ይረዳሻል።»

አምስት ዓመት ሙሉ ፉል ታይም ስጠብቅ ነበር። እየዘፈንኩ ወደ ቤት ነዳሁ።

ማታ ራት ላይ ለደረጀ ታሪኩን ከነእንቅስቃሴው ነገርኩት፤ ከእጅጌ ውስጥ ወረቀት ማውጣቱን ሳይቀር በናፕኪን አሳየሁት። ደረጀ ፓስታውን እየጠቀለለ ሰማኝ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለኝ ስጨርስ።

«ጥያቄዎቹን ነዋ የገለበጠችው።»

«እኮ ምን ይላል?»

«ቻይንኛ ነው፣ ደረጀ።»

«ቻይንኛ መሆኑን ሰማሁ። ምን እንደሚል ነው የጠየቅኩሽ።»

«ምን ሊል ይችላል? ፈተና ላይ ተቀምጣ የሠርግ ጥሪ አትጽፍ!»

ደረጀ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺም አታውቂም። ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ» አለና የፓርሜዛን አይቡን አቀብዪኝ አለኝ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን፣ አሁን ሳስበው፣ መልስ ስላጣሁ ነው። ምግቡ ከአፌ ጣዕሙ ጠፋ። ቤዛ እንኳ ሳህኔን አይታ «አር ዩ ዳን?» ብላ ስጋውን ለቀመችልኝ።

ረቡዕ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ሪፖርቴን ከፍቼ ማንበብ ነበር። «ገልብጣ» የሚለው ቃል ላይ ዓይኔ ተተከለ። ስትጽፍ አይቻለሁ። ስትደብቅ አይቻለሁ። ስትገለብጥ ግን አይቻለሁ? የጥያቄዋን ገጽና የወረቀቷን ገጽ አስተያይቼ «አዎ፣ ይሄ ያ ነው» ማለት እችላለሁ? አንድ ፊደል አላውቅም። የማላውቀውን ቋንቋ አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

ለዶና ኢሜይል ጀመርኩ። «ሪፖርቱ ላይ አንድ ቃል ማስተካከል እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስለ ፉል ታይሙ አሰብኩ። አንድ ቃል ነች፣ ነገ ሰብሰብ ብለው ያዩት የለ? አልኩና ሰረዝኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ያንሊን አየኋት። በላይብረሪው መስኮት ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ከትንሽ ቴርሞስ ኑድል ትበላለች። ከስብሰባው በፊት ላናግራት አይፈቀድልኝም፤ ዶና ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። እግሬ ግን ወደዚያው ወሰደኝ። ምን እንደምላት እንኳ አላውቅም። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ተነሳች። ቴርሞሱን ሳትከድን፣ ሹካዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ በሌላኛው በር ወጣች።

ተማሪ ሲፈራኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አሰላ ሳለሁ ሲፈሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ያቺን ሹካ ይዤ ብዙ ቆምኩ። አንዲት ልጅ ምሳዋን አስጥዬ አባረርኳት።

ሐሙስ ጠዋት ተራራው ወጥቶ ነበር። ሲያትል ውስጥ «ተራራው ወጣ» ማለት ደመናው ተገፎ የሬኒየር ተራራ ወለል ብሎ ታየ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ የዚያን ቀን ፊቱ ይፈታል። በስብሰባው ክፍል መስኮት በኩል ተራራው እንደዚያ እያበራ ውስጥ ያለነው ግን ለቅጣት የተጠራን እንመስል ነበር። ዲኗ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። በቀኛቸው ዶና። በግራቸው ግሬግ፤ የንባብ ትምህርት አስተማሪ ነው፣ ፈተናውን ያዘጋጀውም እሱ። ከፊት ለፊት ያንሊ፣ በአረንጓዴ ጃኬቷ። ከጎኗ ሚስተር ዉ የሚባሉ አስተርጓሚ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ክራቫታቸውን በጥንቃቄ ያሰሩ።

ዲኗ ፖስታውን ቀደዱና ወረቀቱን ለሚስተር ዉ ሰጡ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይተርጉሙልን።»

ሚስተር ዉ ወረቀቱን ዘረጉ። መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡት። ያንሊን ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ይህ ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው? ዕቃውን ሁሉ ሣር ላይ አውጥቶታል። የሚስቱን ሳህኖች ሳይቀር። ሚስቱ ሞታለች ማለት ነው? አልተጻፈም። ልጆች የሉትም? ለምን አልመጡም? ጎረቤቶቹ መጥተው ዋጋ ቀንስ እያሉ ይከራከሩታል። ሰው እንዲህ ሆኖ እንዴት ዋጋ ቀንስ ይባላል? አልጋውንም ሸጧል። ዛሬ ምን ላይ ይተኛል?»

ሚስተር ዉ ገጹን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረጉት።

«በመጨረሻ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ ይላል። አያቴ ቤታችን ለመንገድ ሥራ የፈረሰ ቀን ዕቃችንን ለጎረቤት አከፋፍሎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ልክ እንደዚሁ ነው የተነፈሰው። ስለዚህ መልሱ ሐዘን ነው። ግን ባለፈው ጊዜም እንዲህ ሐዘን የመሰለኝ ሐዘን አልነበረም፣ ወደቅኩ። ይህን ወረቀት ወስጄ የቤት አከራዬን እጠይቃታለሁ። አሜሪካዊት ናት፣ ታውቃለች። ይህ ሽማግሌ ደህና ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸው ነው።»

«ጥያቄዎቹስ? አማራጮቹስ?» አሉ ዲኗ።

«የሉም። አንድም የለም።»

ያንሊ ጠረጴዛውን እያየች ነው። ግሬግ ጆሮው ቀልቶ እርሳሱን ያዟዙራል።

«ይሄ እኮ ያርድ ሴል ነው» አለች ዶና በመገረም። «ሰውዬው ያርድ ሴል ነው ያደረገው! ያረጀ ዕቃውን ቅዳሜ ጠዋት ደጁ አውጥቶ ሸጠ፣ ተገላገለ። ‹ምን ተሰማው?› ለሚለው ጥያቄ መልሱ እፎይታ ነው። ይህን የማያውቅ አለ?»

እኔ እንድናገር ማንም አልጠየቀኝም። አፌ ግን ከእኔ ቀደመ።

«አለ» አልኩ። «እኔ።»

ሁሉም ዞሩ።

«እዚህ አገር በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር በእግራችን ስንሄድ አንድ ቤት ደጅ ላይ ወንበር፣ አልጋ፣ ሳህን፣ በሽቦ መስቀያ የተሰቀለ የሴት ልብስ ተደርድሯል። ሰዎች ቆመዋል። አንዲት ሴትዮ መሀል ላይ ተቀምጣለች። እኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ለቅሶ እንደርሳለን። ‹ሰው ሞቶባቸዋል፣ አይተን እንዴት እናልፋለን?› አልኩት ባለቤቴን። ሻርፔን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩና የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጄ ይዤ ‹በጣም አዝናለሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ› አልኳት።»

ዶና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አመሰገነችኝ። ለቅሶ ቤት ደርሶ ወዲያው መውጣት ነውር ነው፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ወንበር የሚሸጥ ነበር። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ ከጎኔ ቆመ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰውዬ መጥቶ ‹ወንበሩን ልትወስጂው ነው?› አለኝ። ለሽማግሌ ልቀቂ ያለኝ መስሎኝ ተነስቼ ‹ይቀመጡ፣ አባቴ› አልኩት። እሱም ተሸክሞት ሄደ!»

ሚስተር ዉ ይህን ለያንሊ እየተረጎሙ ነበር፤ በእርግጥ እሷ ከእሳቸው ቀድማ ሰምታዋለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ስትል እየሳቀች ነው፣ መነጽሯ በእንፋሎት እስኪሸፈን። ዲኗም ሳቁ። ዶናማ ናፕኪን ፈለገች።

ያልሳቀው ግሬግ ብቻ ነው።

«ምንባቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ሳቁ ሲበርድ። «ዋልተር የሚባል ሰው የለም። እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ ቤቱን ለቅቀን ዕቃውን ሸጥን። ዕድሜውን ብቻ ነው የጨመርኩበት።» ያንሊን አያት። «መልሱን እፎይታ ያልኩት… እንዲያ ቢሆን ስለምፈልግ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን እፎይ አላልኩም። ከተፈታኞቹ ሁሉ ትክክለኛውን መልስ የሰጠችው እሷ ነች።»

ያንሊ በእንግሊዝኛ፣ ዝግ ብላ፣ «አሁንስ ደህና ነህ?» አለችው።

«አሁን ደህና ነኝ» አለ ግሬግ። «ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ለእኔ እንዴት ባማረ። ሁሉም ፈገግ ብሏል፣ ተራራው ወጥቷል። ዲኗ ግን ወረቀታቸውን ሰበሰብ አድርገው የእኔን ሪፖርት አነሱ።

«እዚህ ላይ ‹ጥያቄዎቹን ገልብጣ› ይላል።»

ዶና ፈጠን ብላ «የቃል አጠቃቀም ስህተት ነው፣ እናስተካክለዋለን» አለች። አየችኝ። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ እኮ። «አዎ፣ የቃል ስህተት ነው» ብል ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቀኝም።

ፉል ታይሙ ዓይኔ ላይ መጣ፣ የቤዛ የጥርስ ሐኪም መጣ፣ ደረጀ ፓስታ ሲጠቀልል መጣ።

«የቃል ስህተት አይደለም» አልኩ። «እኔ የቋንቋ አስተማሪ ነበርኩ፣ ቃል መርጬ ነው የምጽፈው። ቻይንኛ አላውቅም። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላወቅኩም። የማላውቀውን እንዳየሁ አድርጌ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ትናንት ትክክል እንዳልሆነ ገብቶኝ ላስተካክል ኢሜይል ጀምሬ ነበር። ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ ሰረዝኩት። ልጅቷ ልትነግረኝ ሞክራ ነበር፤ አላስጨረስኳትም።»



ዲኗ መነጽራቸውን አወለቁ። «አመሰግናለሁ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ለያንሊ ግን ወረቀት መደበቋ ጥፋት ስለሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጣት፣ የማክሰኞው ፈተና እንደማይቆጠርና በሌላ ምንባብ እንደ አዲስ እንደምትፈተን ነገሯት። ያንሊ ሁለት ጊዜ «ይቅርታ» አለች፣ ሦስት ጊዜ «አመሰግናለሁ»።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት።

«ያንሊ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ለተማሪ ይህን ቃል ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። አፌ ላይ ከበደኝ።

እንዲህ አለችኝ፤ እንግሊዝኛዋ ዘገምተኛ ነው፣ ቃላቱ ግን አንድ በአንድ ነው የገቡኝ። «ቲቸር፣ ወረቀቱን ከእጅጌዬ ሳወጣ ምን ይላል ብለው ይጠይቁኛል ብዬ አስቤ ነበር። እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ እንደምነግርዎት ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። በሰዋስውም ትክክል ነበር። ግን አልጠየቁኝም።»

ዘጠኝ ዓመት አሰላ፣ አምስት ዓመት ሲያትል። ስንት ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ሠርቶ ጨርሶ ቆሞልኝ ይሆን? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደረጀን ኮል አደረግኩት። «ምን እንደሚል አወቅኩ» አልኩት። «ምን ይላል?» አለ። ስነግረው መሳቅና ማልቀስ ተቀላቀለብኝ።

የሚቀጥለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፉል ታይሙ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ለእኔ ፋይሌ ውስጥ የምትቀመጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰችኝ። ዶና ለሁለት ሳምንት ያህል ከፎርም ውጪ አላናገረችኝም፣ በኋላ ግን እንደ ድሮዋ ሆነች። ያንሊ እንደገና ተፈትና ሃያ ዘጠኝ አገኘች። አንድ ትርፍ! ውጤቱን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፣ የማንጎ ካራሜላ ትታልኝ ሄደች።

ግሬግ ከወር በኋላ ጠራኝ። አዳዲስ ምንባቦቹን ተማሪ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ከሌላ አገር የመጣ ሰው እንዲያነብለት ይፈልጋል። «የት ላይ ለቅሶ እንደምትደርሺ ንገሪኝ» አለኝ። በዚያ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እሱ ራሱ ገፋፍቶኝ ለማስተማር የሚያስፈልገውን ኮርስ ወሰድኩ፤ ዘንድሮ በሳምንት ሦስት ቀን ለአዲስ ገቢዎች ንባብ አስተምራለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ትቼዋለሁ ያልኩት ሙያ እንደዚህ በጓሮ በር ተመልሶ መጣ።

አንባቢዎቼ፣ ጠንካራ ተቆጣጣሪ መሆን ጥፋት ነው አልላችሁም። አሁንም ፈተና ክፍል ስገባ ዓይኔ አያርፍም፤ የተደበቀ ወረቀት ባገኝ እወስደዋለሁ። ግን ጎንበስ ብዬ «ምን ይላል?» እላለሁ። ሁለት ቃል ናት። ቤዛ ከትምህርት ቤት ፊቷን አጨፍግጋ ስትመጣም እንደ ድሮው «ምን አጥፍተሽ ነው?» አልላትም፤ ምን እንደሆነች እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቷት ነበር። አሁን አንዳንዴ መልሱ ረጅም ይሆንና አጋማሹ ላይ ሳታውቀው ወደ አማርኛ ትገባለች። እናንተም አንድ ሰው ላይ የፈረማችሁበት፣ ግን አንድም ቀን ያልጠየቃችሁት ነገር ካለ፣ ጊዜው ገና አላለፈም። እኔ በኮሪደር ሮጬ ነው የደረስኩበት።

ያንሊ አሁን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ሒሳብ ታጠናለች። ለግሬግ ምንባብ ከሚያነቡት አንዷ ሆናለች፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ እኔና እሷ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ባለፈው ሳምንት የመጣልን ምንባብ ስለ አንዲት ሴትና ስለ ውሻዋ የልደት በዓል ነበር። «ሴትየዋ ኬኩን ለምን ቆረሰች?» ይላል ጥያቄው። እኔ «ሀ» አልኩ፣ እሷ «መ» አለች። አርባ ደቂቃ ተከራከርን። እሷ በቻይና የሚሆነውን እየጠቀሰች፣ እኔ በአሰላ የሚሆነውን እየጠቀስኩ፣ ድምፃችን ከፍ ብሎ ዶና በመስታወቱ በኩል ብቅ እስክትል ድረስ። በመጨረሻ ግሬግን ጠርተን መልሱን አስገለጥነው።

ሁለታችንም ተሳስተናል።